የቦቫንስ ዶሮዎቼ ልጆች እናታቸውን ለምን አልመሰሉም?

የታቦሯ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው። ጓሮዬ ውስጥ ዶሮ አረባለሁ። ትልቅ ሥራ አይደለም፤ ለቤት ነው፣ ሲተርፍ ደግሞ ለጎረቤት። ቡኒዎቹን ቦቫንሶች ቄብ ሳሉ ገዝቼ ነው የጀመርኩት። እንቁላላቸው ጉድ ነው። አብሯቸው የመጣ አንድ ነጭ አውራ ዶሮም አለኝ።

በየጊዜው ቄብ መግዛት ኪሴን አራቆተው። ከራሴ ላስፈልፍል ብዬ እንቁላሉን ለሐበሻ ዶሮ አስታቀፍኩ። ቦቫንሶቹ እንደሆነ መታቀፍ የሚባል ነገር አያውቁም። ጫጩቶቹ በደህና ወጡ፣ በደህና አደጉ። ግን ቡኒና ነጭ ተደበላልቀው ነው የወጡት። ሻጩ ያኔ «ቡኒው ሴት፣ ነጩ ወንድ ነው» ብሎኝ ስለነበር ነጮቹን ለበዓል ብዬ ለየኋቸው። ምን ዋጋ አለው! ከነጮቹ መሐል እንቁላል የሚጥሉ ተገኙ። ከቡኒዎቹም ሌሊት የሚጮሁ አውራ ዶሮዎች ወጡ። የሚጥሉትም ቢሆኑ እንደ እናቶቻቸው አይደሉም። አንዷ ጎበዝ፣ አንዷ ሰነፍ።

ሻጩ ሸውዶኝ ነው ወይስ ዘሩ ተበላሽቶ?

ጋሼ ዶሮ፦

እህቴ፣ ነገሩን አታክብጂው። መኖ ነው። ቦቫንስ በፉርሽካና በእንጀራ ፍርፋሪ እንቁላል አይሰጥሽም። ካልሲየም ይፈልጋል። በቀን እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይፈልጋል። ለእናቶቹ አሟልተሽ ለልጆቹ ሰስተሽ ይሆናል።

የታቦሯ፦

ኧረ ጋሼ! አንድ ቤት ነው የሚያድሩት፣ ከአንድ ገንዳ ነው የሚበሉት። ለየትኛው እሰስታለሁ?

ጋሼ ዶሮ፦

እንደሱ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። የነጯን መጣል እንኳ መኖ አያመጣውም። የሚያውቅ ይንገረን።

ቆሮሶ፦

ነጭ ሆና ከጣለች ምን ጎደለ? አስኳሉ ያው ቢጫ ነው።

የባዮሎጂው፦

እህቴ፣ ሻጩም አልሸወደሽ፣ ዘሩም አልተበላሸ። የሆነው ነገር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ አስቀድመሽ ልታሰይው የምትችይው ነው።

ቦቫንስ ብራውን ንጹሕ ዘር አይደለም፤ ዲቃላ ነው። አዳቃዮቹ ለብዙ ትውልድ ለየብቻ ያቆዩዋቸው ዘሮች አሏቸው። እነዚያን አዳቅለው ወላጆቹን ያወጣሉ። ወላጆቹን እንደገና አዳቅለው ለአንቺ የሚሸጠውን ያወጣሉ። መጨረሻ ላይ አባትየው ቡኒ፣ እናትየዋ ነጭ ትሆናለች። ከእነሱ የሚፈለፈሉት ሴቶች በሙሉ ቡኒ፣ ወንዶቹ በሙሉ ነጭ ናቸው። ጫጩቱ በተፈለፈለ ቀን ሴትና ወንዱን በቀለም የሚለዩት ለዚህ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ይህን ቀለም የሚወስነው ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የባሕርይ መመሪያ፣ ያለው ጾታን በሚወስነው ክሮሞሶም (ጂኖችን በሚሸከመው ክር) ላይ ነው። በዶሮ ወንዱ ዜድ የሚባለው ክሮሞሶም ሁለት አለው። ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ አላት። ሴት ጫጩት ዜዷን የምታገኘው ከአባቷ ብቻ ነው። አባቷ ቡኒ ከሆነ ቡኒ ትሆናለች፣ አለቀ። ወንዱ ከእናቱም ዜድ ስለሚወስድ የእናቱ ነጭነት ይደርሰዋል። ነጩ ደግሞ በቡኒው ላይ ገዢ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚታየው ነጩ ነው።

አሁን ወደ ጓሮሽ እንምጣ። አውራ ዶሮሽ ከላይ ሲያዩት ነጭ ነው። ውስጡ ግን አንድ የነጭ፣ አንድ የቡኒ ጂን ይዟል። ለእያንዳንዱ ልጅ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚሰጠው፣ በዕጣ። ቡኒዎቹ ሴቶችሽ ለወንድ ልጆቻቸው የሚሰጡት ቡኒ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሴቶቹ ግማሽ ያህሉ ነጭ፣ ከወንዶቹም ግማሽ ያህሉ ቡኒ ይሆናሉ። ቀለምና ጾታን ያያያዘው ዘዴ በአንድ ትውልድ ፈረሰ ማለት ነው።

የእንቁላሉ ነገር ትንሽ ይወሳሰባል። እንቁላል መጣልን የሚወስነው አንድ ጂን አይደለም፤ እጅግ ብዙ ናቸው። ገዝተሽ ያመጣሻቸው ቄቦች እርስ በርስ የሚመሳሰሉት ሁሉም ከአንድ ዓይነት ማዳቀል ስለወጡ ነው። የእነሱ ልጆች ግን እያንዳንዳቸው የተለየ ድርሻ ይዘው ይወጣሉ። አንዷ ጎበዝ ሌላዋ ሰነፍ የሆኑት በዚህ ነው። በዚያ ላይ መዳቀል ራሱ የሚሰጠው ብርታት አለ። ዲቃላን ከዲቃላ ስታራቢ ከዚያ ብርታት የተወሰነው ይሄዳል።

የታቦሯ፦

ቲቸር እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ነጭና ቡኒ ከተጋቡ ለምን ክሬም ዓይነት አይወጣም? ሁለቱም ወላጆች ሰጥተው የለም?

የባዮሎጂው፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ሰው ውርስን እንደ ማኪያቶ ያስበዋል። ቡናና ወተት አንዴ ከተቀላቀሉ መልሰሽ አትለያቸውም። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ተፈጥሮ ምርጫ የጻፈውን መጽሐፍ ሲያወጣ በዘመኑ የነበረው አስተሳሰብ ይኸው ነበር። እሱንም አስጨንቆታል። ውርስ እንዲህ የሚደባለቅ ከሆነ አንድ ዶሮ ላይ የተገኘ ጠቃሚ ባሕርይ በየትውልዱ እየቀጠነ ይጠፋል። ተፈጥሮ ታዲያ ምኑን ትመርጣለች?

መልሱን ያገኘው ብርኖ ከተማ ገዳም ውስጥ አተር ሲዘራ የነበረው ሜንዴል ነው። ቢጫ ፍሬና አረንጓዴ ፍሬ ያላቸውን አዳቀለ። የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ቢጫ ሆነ። እነሱን እርስ በርስ ሲያራባ 6,022 ቢጫና 2,001 አረንጓዴ ፍሬ ቆጠረ። ሦስት ለአንድ። አረንጓዴው ያው አረንጓዴ ሆኖ ነው የተመለሰው፤ አልደበዘዘም። ተደብቆ ቆየ እንጂ አልተቀላቀለም። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1866 ታተመ። እስከ 1900 ድረስ ግን ዞር ብሎ ያየው የለም ማለት ይቻላል። ዳርዊን ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው።

ክሬም ስላልሺው፣ ከሁለቱ መሐል የሆነ መልክ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ያኔም ቢሆን ጂኖቹ አይቀላቀሉም። በሚቀጥለው ትውልድ ተለይተው ይወጣሉ።

በነገራችን ላይ የሜንዴል ሕግ ለእንስሳም እንደሚሠራ መጀመሪያ ካሳዩት አንዱ እንግሊዛዊው ቤትሰን ነው። ጊዜው 1902፣ የተጠቀመው ዶሮ፣ ያየውም የዶሮ ጉትያ፣ አናቱ ላይ ያለው ቀዩ ሥጋ።

ቱላ፦

ጉትያ ካላችሁ እኔም ጥያቄ አለኝ። ገበያ ላይ ባለ ድርብ ጉትያ ከባለ ነጠላ በላይ ያወጣል፣ ታውቃላችሁ። ድርብ ወንድ ከድርብ ሴት አገናኘሁ። ከጫጩቶቹ ውስጥ ግን ነጠላ ወጣ። ባለቤቴ «ዶሮዋ ጎረቤት ሄዳ ነው» እያለች ታበሽቀኛለች።

ቆሮሶ፦

ባለቤትህ አውቃለች።

የባዮሎጂው፦

ሃሃ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

ድርብ በነጠላ ላይ ገዢ ነው። ሁለቱም ወላጆች ድርብ ሆነው በውስጣቸው አንድ አንድ የነጠላ ጂን ደብቀው ከያዙ፣ ከአራት ጫጩት አንዱ ገደማ ነጠላ ይሆናል። ይህ በአማካይ ነው። ከአንድ እቅፍ አንድም ላይወጣ፣ ሦስትም ሊወጣ ይችላል።

የጎረቤቱንም ነገር አትናቀው። ሴት ዶሮ የወንዱን ዘር ሆዷ ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ አቆይታ መጠቀም ትችላለች። ወንድ ስትቀይር ሦስት ሳምንት ያህል ሳትጠብቅ የምታስታቅፈው እንቁላል አባቱ የድሮው ሊሆን ይችላል።

ቱላ፦

ታዲያ ድርብ ገዢ ከሆነ፣ ሰውም የሚወደው እሱን ከሆነ፣ ነጠላ ለምን እስካሁን አልጠፋም?

የባዮሎጂው፦

ገዢ ማለት ብዙ ማለት አይደለም። ገዢነት አንድ ጫጩት ሁለቱንም ጂን ይዞ ሲገኝ የትኛው ይታያል የሚለውን ነው የሚነግረን። በመንጋው ውስጥ የትኛው ይበዛል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን የሚወስነው ማን ብዙ ልጅ ተወ የሚለው ነው።

ድርብ ላይ ደግሞ አንድ ጣጣ አለ። ከሁለቱም ወላጆቹ ድርብ የወረሰ አውራ ዶሮ የዘር ፍሬው እንቅስቃሴ ደካማ ነው። ከሌላ ወንድ ጋር ሲወዳደር የሚያፈራው ልጅ ያንሳል። አንድ ድርብና አንድ ነጠላ የያዘው ግን ደህና ነው። ገበያው ድርብን ወደ ላይ ይገፋል፣ እርባታው ወደ ታች ይጎትተዋል። ነጠላም በመሐል ይኖራል።

ሐይቅ ዳር፦

ይቅርታ፣ ከዶሮ ላውጣችሁ። እኔና ባለቤቴ የደም ዓይነታችን ኤ ነው። ልጃችን ኦ ሆነች። አማቴ ይህን ከሰሙ ወዲህ ፊታቸው ተቀይሯል።

የባዮሎጂው፦

እህቴ፣ ልክ እንደ ድርቡ ነው። ኤ በኦ ላይ ገዢ ነው። ሁለታችሁም ከኤው ሥር ኦ ደብቃችሁ ከያዛችሁ፣ እያንዳንዱ ልጅ ኦ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ለእማማ በዚህ መልኩ ንገሪያቸው፤ ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም።

ጾታም ስለተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። በዶሮ ጫጩቱ ሴት ወይም ወንድ የሚሆነው እናቲቱ በሰጠችው ነው። በሰው የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚወስነው ከአባት የመጣው ኤክስ ወይም ዋይ ነው። በአገራችን «ሴት ብቻ ትወልዳለች» ተብላ ስንቷ ተፈትታለች። ዕዳው ካለ የባልየው ነበር።

ሐይቅ ዳር፦

ተባረክ። ይህን ቤት ድረስ መጥተህ ብታስረዳልኝ ዶሮ ወጥ አለ።

ቆሮሶ፦

ድርብ ነው ነጠላ?

የታቦሯ፦

ወደ ጓሮዬ መልሱኝ። ቦቫንሶቹ ለምን አይታቀፉም? የሐበሻዋ ጥቂት ጥላ ትኩስ አመድ ላይም ቢሆን ቁጭ ትላለች።

የእንስሳት ጤና፦

ይህን እኔ ልመልስ። ዶሮ ስትታቀፍ እንቁላል መጣል ታቆማለች። ጫጩት ስታሳድግም እንዲሁ። የሐበሻዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል አካባቢ የምትጥለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አዳቃዮች ለብዙ ትውልድ ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ ብዙ የጣለችውን ለዘር ማስቀረት። ቁጭ ብላ የታቀፈች በዚያ ውድድር ትሸነፋለች። ልጆቿም አይቀሩም። እንዲህ እያለ መታቀፍ ከመንጋው ወጣ ማለት ይቻላል፣ እንቁላሉም በዓመት ከ300 በላይ ደረሰ። የዶሮ ሁሉ ቅድመ አያት የሆነው የእስያው ቀይ የጫካ ዶሮ በዓመት የሚጥለው ከ10 እስከ 15 ነው።

ገጠር ሂጂና እዩት። መፈልፈያ ማሽን በሌለበት የማትታቀፍ ዶሮ ዘሯ እዚያው ላይ ያበቃል። ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶቿን ክንፏ ሥር የማትሰበስብም እንዲሁ። እዚያ መራጩ ጭልፊቱ ነው፣ በሽታው ነው፣ ረሃቡ ነው። አዳቃዩ መርጦ ሠራው፣ ጭልፊቱ ሳያስብ ሠራው። ሁለቱም መንጋውን ቀየሩ።

ጋሼ ዶሮ፦

ይህ አይዋጥልኝም። መቀየርማ በልምድ ነው። ማሽን ሲፈለፍልላት መታቀፍ ረሳች፣ ልጆቿም ረሱ። ያልተጠቀሙበት ነገር ይጠፋል።

የእንስሳት ጤና፦

ጋሼ፣ እርስዎ የዶሮ መንቆር አስቆርጠው ያውቃሉ?

ጋሼ ዶሮ፦

እንዴታ። አለበለዚያ እየተነካከሱ ይጨራረሳሉ።

የእንስሳት ጤና፦

በትልልቅ እርባታዎች ይህ ለብዙ ትውልድ ተሠርቶበታል። እስካሁን መንቆሯ የተቆረጠ ጫጩት ተፈልፍላ አይተዋል?

ጋሼ ዶሮ፦

አላየሁም። የሰይጣን ጥያቄ ነው የጠየቅኸኝ።

የባዮሎጂው፦

ጋሼ ያሉት ነገር የላማርክ ሐሳብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1809 ትልቅ መጽሐፍ ጽፎበታል። አንድ ዶሮ በዕድሜዋ የደረሰባት ነገር፣ የተቆረጠ መንቆርም ሆነ የተሰበረ እግር፣ እንቁላሏ ውስጥ ያለው ጂን ላይ አይጻፍም። ዶሮዋ ራሷ አትለወጥም። በመንጋው ውስጥ የትኛው ጂን በዛ፣ የትኛው አነሰ የሚለው ነው የሚለወጠው። ዝግመተ ለውጥ ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ ካላችሁ ደግሞ ጂኖቹ የተጻፉበት ዲኤንኤ ሲቀዳ አልፎ አልፎ ስህተት ይፈጠራል። ሚውቴሽን የሚሉት እሱን ነው። አብዛኛው ምንም አያመጣም፣ አንዳንዱ ይጎዳል፣ ጥቂቱ በቦታው ይጠቅማል።

ጠያቂው፦

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ውርሱን እቀበላለሁ። ግን ዶሮ ስንት ዓመት ቢመረጥ ዶሮ ነው። አዲስ ፍጥረት የት አለ? ደግሞ ሰው ከዝንጀሮ መጣ የምትሉት አለ።

አወያይ፦

ሃይማኖት ላይ ክርክር ከፍታችሁ ክሩን እንዳታዘጉኝ። በጨዋ ደንብ ቀጥሉ።

የባዮሎጂው፦

ወንድሜ፣ ሁለቱን ለይቼ ልመልስልህ። ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ ሰው መጣ የሚል ሳይንስ የለም። የሚለው ሰውና ቺምፓንዚ የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው፣ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል ነው። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይዛ ነው።

አዲስ ዝርያ ለመውጣት ደግሞ ሁለት መንጋ ሳይገናኝ ለረጅም ጊዜ መቆየት አለበት። ዶሮን እኛ እያደባለቅነው ይህ አይሆንም። ጣናን ግን ተመልከት። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣውን ቢልጫ የሚባለውን ዓሣ ታውቀዋለህ። የእሱ ዘመዶች ጣና ውስጥ 15 ዓይነት ሆነዋል። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አዳኞች ናቸው። አፋቸው፣ ጭንቅላታቸው፣ የሚውሉበት ጥልቀት ይለያያል። 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው ጢስ ዓባይ ከታች ያለው ዓሣ ወጥቶ እንዳይደባለቅ ዘግቶባቸዋል። ሐይቁ ውስጥ አዳኝ ዓሣ ብዙም ስላልነበረ ቦታው ክፍት ሆኖ ጠበቃቸው።

ጠያቂው፦

15ቱ ዱሮም 15 ሆነው ተፈጥረው ቢሆንስ?

የባዮሎጂው፦

ታዲያ ለምን 15ቱም እርስ በርስ የቅርብ ዘመድ ሆኑ? አብዛኞቹስ ለምን ሌላ ቦታ አይገኙም? አንተም እስኪ አስብበት፤ እኔ አስገድጄ አላስቀይርህም።

ቆሮሶ፦

ስሜ የዓሣ ስም፣ ቆሮሶ፣ ሆኖ ስለ ቢልጫ ሲወራ ዝም ማለቴን መዝግቡልኝ።

የታቦሯ፦

ሌላ ጣጣ ላምጣ። ጫጩቶቹ ሲያስነጥሱ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) ውኃ ውስጥ እጨምር ነበር። ድሮ ወዲያው ይሻላቸዋል። አሁን አልሠራ አለኝ። መድኃኒቱ ነው የተበላሸው?

የእንስሳት ጤና፦

እህቴ፣ እዚህ ላይ ቆም በይ። ይህ ከላይ የተወራው ዝግመተ ለውጥ ነው፣ ጓሮሽ ድረስ መጥቶ።

ባክቴሪያ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ትውልድ እንደሚሆን አስቢው። ከመካከላቸው በአጋጣሚ ኦክሲን የሚቋቋም ጂን የያዘ ጥቂት አይጠፋም። ኦክሲ ስትሰጪ ሌሎቹ ያልቃሉ፣ እሱ ይተርፋል፣ ሜዳው የእሱ ይሆናል። በተለይ መጠኑን አሳንሰሽ ወይም ሁለት ቀን ሰጥተሽ ካቆምሽ። ባክቴሪያ ደግሞ ይህን ጂን ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ እንደ ዶሮ ልጅ እስኪፈለፍል አይጠብቅም። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ሲቀበል ስለዚሁ ነገር አስጠንቅቆ ነበር።

ሁለተኛ፣ ፈንግል ከሆነ ቫይረስ ነው። ኦክሲ ፈንግልን አያውቀውም። እሱን የሚከለክለው ክትባት ነው፣ ያውም ሳይታመሙ። ሦስተኛ፣ መድኃኒት እየሰጠሽ እንቁላሉን ለጎረቤት አትሽጪ። የታመመ ካለ ይዘሽ ለእንስሳት ሐኪም አሳይ።

ጋሼ ዶሮ፦

ይህን ሁሉ ሰው ሊያነበው ይገባል። እኔ ራሴ ለሚያስነጥስ ሁሉ ኦክሲ ስል ነው የኖርኩት።

ቱላ፦

አንገተ መላጣስ? እኔ ጋ አንድ አለ። በሽታ ነው የሚሉ አሉ።

የባዮሎጂው፦

በሽታ አይደለም፤ አንድ ጂን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የኤድንበርግ ተመራማሪዎች ቦታውን አግኝተውታል። አሁን ሄደህ አንገቱን ፊት ለፊት እይ። ከታች በኩል ትንሽ የላባ ጭብጥ ካለው አንድ የመላጣ ጂን ብቻ ነው ያለው። አንገቱ ጥርግ ያለ ከሆነ ሁለቱንም ወርሷል። ላባው ስለሚያንስ ሙቀት በቀላሉ ያስወጣል። በሙቀት ዶሮ መብላት ሲያቆም እሱ ይበላል። በብርድ አገር ግን ያው ጂን ዕዳ ነው፤ ማታ ማታ ይንቀጠቀጣል።

ቱላ፦

ሄጄ አየሁ። ጭብጥ አለው።

የባዮሎጂው፦

እንግዲያው ላባ ካላት ሴት ብታገናኘው ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ መላጣ ይሆናሉ።

የታቦሯ፦

ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ሁልጊዜ ቄብ ስገዛ ልኑር?

የእንስሳት ጤና፦

በፍላጎትሽ ይወሰናል። እንቁላል ብቻ ከሆነ የምትፈልጊው፣ አዎ፣ ቦቫንስን በቦቫንስ ልጅ አትተኪም። በየዙሩ ቄብ መግዛት ነው። ራሱን የሚተካ መንጋ ከፈለግሽ ግን ዲቃላ ያልሆነ ያዢ። ኮይኮክ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ገብስማ ዶሮ ነው፤ ልጆቹ ወላጆቻቸውን ይመስላሉ። ሆሮም አለ። ቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ለብዙ ትውልድ መርጦ ያሻሻለው የአገራችን ዶሮ ነው። እንቁላሉ የቦቫንስን ያህል አይሆንም፣ ግን አገሩን ያውቃል።

ከዚያ አንቺም መምረጥ ትጀምሪያለሽ። ብዙ የጣለችውን፣ ያልታመመችውን ለዘር አስቀሪ። ትልቁን ዶሮ ለበዓል አርዶ ኮሳሳውን ለዘር ማስቀረት የኛ ሰው ልማድ ነው። ያም ምርጫ ነው፣ ግን ወደ ታች። አንድ አውራ ዶሮም ዓመት ከዓመት አታቆዪ። ልጆቹን መልሶ ሲያገኝ የተደበቁት መጥፎ ጂኖች ከሁለት ወገን ይገናኛሉ፤ የማይፈለፈል እንቁላል ይበዛል፣ ጫጩቱም ይደክማል። ከሩቅ ሰፈር ሰው ጋር ተለዋወጪ።

ጋሼ ዶሮ፦

ጎረቤት ጋር መለዋወጥ አይበቃም። የጎረቤት ዶሮ ያንቺው የአክስት ልጅ ነው።

ቱላ፦

እኔ ጋ ኮይኮክ አውራ ዶሮ አለ። ሁለት ነው ያለኝ፣ አንዱን እለውጣለሁ።

የታቦሯ፦

ሴቶቹን ኮይኮክ ሳገኝ እፈልገዋለሁ። በምን ትለውጠኛለህ?

ቱላ፦

በነጩ። ለበዓል እፈልገዋለሁ። ወንድ መሆኑን ግን መጀመሪያ ሲጮህ ልስማው።